መዥገር ወይስ ቅማል? አዲስ አበባ ላይ የተነሣ የሕክምና ሙግት

በአዲስ ከተማ የሚገኘው አውቶቡስ ተራ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው መንገደኛ ወደ አዲስ አበባ የሚገባበት ዋና በር ሆኖ ኖሯል። በአውቶቡሱ ውስጥ የቀን ሥራ ፈላጊው፣ በጣሪያው ላይ ደግሞ እግሩ የታሰረ በግና ፍየል አብረው ይገቡ ነበር። ማደሪያ ያጣው በበረንዳ ወይም በጠባብ ክፍል ተደራርቦ ያድራል፤ ልብሱን የሚያጥብበት ውኃም ሆነ የሚቀይረው ሌላ ልብስ የለውም። ታይፈስና የትኩሳት ግርሻ በከተማው ሆስፒታሎች ይበልጡን የታዩት በዚህ ዓይነት ኑሮ ውስጥ በነበሩ ሰዎች ላይ ነው። ለሐኪሙ ተጠያቂዋ ቅማል መሆኗ ግልጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ አንድ ጽሑፍ ግን ጣቱን በጣሪያው ላይ ወዳለው በግና በቆዳው ላይ ወደተጣበቀው መዥገር ቀሰረ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ታይፈስን የምታስተላልፈው የሰውነት ቅማል መሆኗን ሻርል ኒኮል በ1909 በቱኒስ አሳይቶ በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ከዚያ ወዲህ የበሽታው ማከማቻ ሰው ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። ወረርሽኙ ሲያልፍ ጀርሙ ከበሽታው በዳነ ሰው ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ከዓመታት በኋላም ብሪል-ዚንሰር በሚባለው መልክ ተመልሶ ይነሣል። በኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ራይስ-ጉትፍሮይንድ ግን የታይፈሱን ጀርም፣ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪን፣ ከአገሪቱ የቤት እንስሳት ደምና ከመዥገሮቻቸው ለይተው እንዳገኙ አስታወቁ።

ነገሩ የላቦራቶሪ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ግኝቱ እውነት ከሆነ የሰውን ልብስ በዲዲቲ መርጨት በሽታውን ለጊዜው ያስታግሥ እንደሆነ እንጂ ከሥሩ ሊነቅለው አይችልም። የከብት፣ የበግና የፍየል ሀብቷ እጅግ ብዙ ለሆነ፣ ገበሬዋም ከከብቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚያድር አገር ይህ ከባድ መርዶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔትም ጉዳዩን የሚመረምሩ ጽሑፎችን አስተናገደ።

በ1973 በዚሁ መጽሔት የወጣው ጥናት ሙግቱን ወደ መቋጫው አቀረበው። ከአጥኚዎቹ መካከል በካይሮ ሆኖ የመዥገርን ዓለም ሲያጠና የኖረው ሃሪ ሁግስትራልና በኋላ የላይም በሽታ ጀርም በስሙ የተጠራለት ዊሊ በርግዶርፈር ይገኙበታል። በኢትዮጵያ መዥገሮች ውስጥ የታይፈሱን ጀርም ፈልገው አላገኙም። የመጀመሪያው ውጤት በላቦራቶሪ ውስጥ ከተፈጠረ የጀርም መቀላቀል የመጣ ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ሆኖም ሐሳቡን እንደ ተራ ስሕተት መናቅ አይገባም፤ በ1975 ያው ጀርም በአሜሪካ በበራሪ ሽኮኮዎች ላይ ተገኝቷልና። ሰው ብቸኛው ማከማቻ ነው የሚለው እምነት በዚህ ፈርሷል።

የ1973ቱ ፍለጋ ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። አምብሊዮማ ቫሪዬጌተም ከተባለው፣ ቀለሙ ከተዥጎረጎረው የከብት መዥገር ላይ ሌላ የሪኬትሲያ ዘር ተገኘ። ይህ ዘር በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚል ስም ከተሰጠው ጀርም ጋር አንድ መሆኑ ታወቀ። የሚያስከትለው ሕመም የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት ይባላል፤ ምልክቶቹ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ በተነከሰው ቦታ ላይ የሚታይ ጥቁር ቅርፊትና በአቅራቢያው ያበጠ ንፍፊት ናቸው። ዶክሲሳይክሊን ፈጥኖ ያድነዋል። ቅርፊቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእግር፣ በብሽሽት ወይም በጉልበት ጀርባ ስለሆነ ልብስ ሳያስወልቁ የሚመረምሩ ሊያዩት አይችሉም።

የከተማው ሰው ግን ከከብት ይልቅ ከውሻ መዥገር ጋር ይቀራረባል። ቡናማው የውሻ መዥገር በሜዲትራንያን አካባቢ የሪኬትሲያ ኮኖሪ አስተላላፊ ነው፤ የዚህ ትኩሳት የመጀመሪያ መግለጫም በ1910 ከቱኒስ ነው የወጣው። መዥገሩ እንቁላሉን በግድግዳና በወለል ስንጥቅ ስለሚጥል ማደሪያው ሳይጸዳ ውሻውን ብቻ ማከም ብዙም አያራምድም። ሰውን የሚነክሰው አልፎ አልፎ ነው፤ ነቅሎ በጣት ጥፍር መጨፍለቅ ግን ጀርሙን ወደ ተላጠ ቆዳና ወደ ዓይን ሊያደርሰው ይችላል። ነጭ ጋዝ ማፍሰስ ወይም በክብሪት መለብለብም አይበጅም። መዥገሩ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ተይዞ ሳይጠመዘዝ ቀስ ተብሎ ቀጥ ብሎ ይሳባል፤ ቦታውና እጅም በሳሙና ይታጠባል።

የትኩሳት ግርሻስ? በ1994 የበሽታው ጀርም፣ ቦሬሊያ ሪከረንቲስ፣ ከኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ደም ተወስዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በላቦራቶሪ እንዲራባ ተደረገ። በ2008 ሙሉ የዘር ቅንብሩ ሲነበብ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ጎጆዎች ወለል ውስጥ በሚኖር መዥገር የሚተላለፈው የቦሬሊያ ደቶኒ ተቀንሶና ተሸራርፎ የቀረ ቅርንጫፍ ሆኖ ተገኘ። በአውቶቡስ ተራ በረንዳ ላይ በቅማል የተነከሰው የቀን ሠራተኛ የተያዘበት ጀርም የሥጋ ዘመዱ የመዥገር ጀርም ነው ማለት ነው።