የሚያገረሽ ትኩሳት፦ በዘር የሚወረስ የብግነት ሕመም ከላይደን እስከ ሙርዋይክ

እ.ኤ.አ. በ1984 ዮስ ቫን ደር ሜርና የላይደን ባልደረቦቻቸው «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የስድስት ሰዎችን የሕመም ታሪክ አሳተሙ። ስድስቱም የሆላንድ ተወላጆች ናቸው። ትኩሳት ይነሳባቸዋል፣ ቀናት ቆይቶ በራሱ ይለቃቸዋል፣ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ተሐዋሲ ቢፈለግ አይገኝም። የጋራ ምልክታቸው ኢሚዩኖግሎቡሊን ዲ የተባለው ፕሮቲን በደማቸው ውስጥ ከልክ በላይ መብዛቱ ነበር፤ ሕመሙም ስሙን ከዚሁ አገኘ። ላይደን፣ የሙርዋይክ ሰፈር ካለበት ከሄግ በባቡር ሩብ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው፣ ሕመሙ በታወቀበት አገር እየኖሩ በሽታቸው ሳይታወቅ ለሚቆዩ ሰዎች ዕዳው ምን ያህል እንደሆነ ነው።

የመጀመሪያው ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ሕፃኑ ዓመት ሳይሞላው ነው። ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ወዲያው ሙቀቱ ያሻቅባል። ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይቆይና ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያገረሻል። አንገት ላይ ንፍፊት ይወጣል፤ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። መገጣጠሚያ ያማል፣ አንዳንዴም ያብጣል፤ ቆዳ ላይ ሽፍታ፣ አፍ ውስጥ ደግሞ ትናንሽ ቁስሎች ይታያሉ። ቁርጠቱ ከመበርታቱ የተነሳ ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ በከንቱ ሆዳቸው የተከፈተ ታማሚዎች አሉ። በሁለት ግርሻዎች መካከል ግን ልጁ ይበላል፣ ይሮጣል፣ ይጫወታል። የሐኪም ቀጠሮው ሲደርስ የሚታይ ሕመም የለም፤ ወላጅም «እያጋነኑ ነው» በሚል ዓይን ይታያል።

ግርሻውን የሚቀሰቅሱት ነገሮች ጉንፋን፣ መውደቅና መቁሰል፣ ቀዶ ሕክምና፣ ጭንቀት ናቸው። ከሁሉም ይልቅ ለስህተት የሚዳርገው ክትባት ነው። ብዙ ሕፃናት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታመሙት በተከተቡ ማግስት በመሆኑ፣ እናት ልጄን ክትባት አሳመመው ብትል ከዓይኗ ፊት የሆነውን ነው የምትናገረው። ክትባቱ በዘር የመጣውን ሕመም ይቀሰቅሳል እንጂ አይፈጥረውም። ይህን ተቀምጦ የሚያስረዳት ካላገኘች ለሚቀጥለው ክትባት ባትመለስ አይፈረድባትም።

ምስጢሩ የተፈታው በ1999 ነው። ሁለት የሆላንድ ቡድኖች በአንድ የ«ኔቸር ጄኔቲክስ» እትም ላይ፣ በተለያየ መንገድ ሄደው ያገኙትን ተመሳሳይ መልስ ይዘው ቀረቡ። አንደኛው የቤተሰቦችን የዘር ሐረግ ተከትሎ 12ኛው ክሮሞዞም ላይ ደረሰ፤ ሁለተኛው በታማሚ ሽንት ውስጥ በትኩሳት ጊዜ ሜቫሎኒክ አሲድ መጨመሩን አይቶ ወደ ኢንዛይሙ ሄደ። ጥፋቱ የተገኘው ሜቫሎኔት ካይኔዝ የተባለውን ኢንዛይም በሚያዘው ዘረመል ላይ ነው። ኢንዛይሙ ኮሌስትሮል በሚሠራበት መስመር ላይ ያለ ሲሆን፣ በእነዚህ ታማሚዎች የሚቀረው አቅም ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ከመስመሩ የሚወጡ አንዳንድ የስብ ውህዶች ሲጎድሉ ፓይሪን የተባለው የብግነት ዘብ ከቁጥጥር ያመልጣል፤ ኢንተርሉኪን-1 የተባለው የብግነት መልእክተኛ ይረጫል፤ ሰውነት ጠላት በሌለበት ይዋጋል። የተበላሸው ኢንዛይም ሙቀት ሲጨምር ይብስ ይዳከማልና ትኩሳቱ ራሱን ይመግባል።

ሕመሙ እንዲገለጥ ብልሹው ዘረመል ከአባትም ከእናትም መወረስ አለበት። በኔዘርላንድ በአራስ ሕፃናት ደም ላይ በተደረገ ምርመራ በብዛት የሚታየውን ለውጥ የሚሸከመው ከ150 ሰው አንድ ያህሉ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ስሌት ሊኖሩ የሚገባቸው ታማሚዎች ከሚታወቁት እጅግ ይበልጣሉ፤ አንዳንዶቹ ምልክት ሳያሳዩ ይኖራሉ፣ ሌሎቹ በሌላ ስም እየታከሙ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። አባቶቻችን ጋብቻን እስከ ሰባት ቤት የከለከሉት ለሌላ ምክንያት ቢሆንም ለእንዲህ ያለው ሕመም ጥሩ አጥር ነው። እዚህ ግን አጥሩ ብዙ አይረዳም፤ ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ የወጣው ለውጥ በሕዝቡ ውስጥ ተሰራጭቷልና ባዕድ የሚባሉ ወላጆችም ሁለቱም ተሸካሚ ሊሆኑ ይችላሉ።

የታማሚውን ሸክም አጉልቶ ያሳየው በ2008 የታተመው የ103 ታማሚዎች ጥናት ነው። ከመጀመሪያው ግርሻ እስከ ምርመራ ውጤት የነበረው ጊዜ መካከለኛ ዋጋ (ሚዲያን) 9.9 ዓመት ነበር። አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ አራተኛ ክፍል እስኪደርስ ስሙን ሳያውቅ ይታመማል ማለት ነው። ለስሙ መነሻ የሆነው ፕሮቲን ደግሞ በ22 በመቶዎቹ ላይ ከመደበኛው አልዘለለም፤ በዚያ ብቻ የሚተማመን ሐኪም ከአምስት አንዱን ሊያመልጠው ነው። ዕድሜ ሲጨምር ግርሻው ይቀንሳል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ሆኖም ከ20 ዓመት በላይ ከሆኑት ግማሾቹ አሁንም በዓመት ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ይተኛሉ። ኩላሊትን የሚጎዳው አሚሎይዶሲስ የታየው በ2.9 በመቶው ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ የማስበልጠው ትምህርትና ሥራ ላይ የታየውን ጉዳት ነው፦ በየስድስት ሳምንቱ አንድ ሳምንት የሚቀር ተማሪ ፈተናው ያልፈዋል፤ እንዲሁ የሚቀር ሠራተኛ ውሉ ሳይታደስለት ይቀራል።

ሙርዋይክ በሄግ ደቡብ ምዕራብ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሠሩ የኪራይ ቤቶች የተሞላ፣ ገቢያቸው ዝቅ ያለና ከብዙ አገር የመጡ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ከቱርክና ከሞሮኮ ለመጡት በተለይ ሌላ ዘመድ ሕመም መታሰብ አለበት፤ የሜዲትራኒያን የቤተሰብ ትኩሳት ይባላል፣ ግርሻው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ብቻ ይቆያል፣ ኮልቺሲን በተባለው መድኃኒትም ይገታል። ከእኛ አገር የመጣ ወላጅ ግን ትኩሳት ሲያይ የሚያስበው ወባን፣ ተስቦን፣ ሳንባ ነቀርሳን ነው፤ ቀለል ካለ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ያሻሻል። የኔዘርላንድ ሐኪምም ቢሆን ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ሰው ሲያተኩሰው ቀድሞ ተሐዋሲ ይፈልጋል፤ በሐምሌ 2015 ከኤርትራ በመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች ላይ በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት እዚያው ኔዘርላንድ ተገኝቷልና ተገቢ ነው። ችግሩ ተሐዋሲው ሳይገኝ ሲቀርና ትኩሳቱ ለአምስተኛ ጊዜ ሲመለስም ፍለጋው እዚያው ከቆመ ነው።

ሕክምናው ተሻሽሏል፣ ግን አላለቀም። ኢንተርሉኪን-1ን የሚያግደው ካናኪኑማብ በ2018 በወጣው ጥናት በ16ኛው ሳምንት ሙሉ ምላሽ ያስገኘው በዚህ ሕመም ከተያዙት ለ35 በመቶው ነው፤ ማስመሰያ መርፌ ከወሰዱት ደግሞ ለ6 በመቶው። መድኃኒቱ እጅግ ውድ በመሆኑ የሚሰጠው በሆስፒታል በኩል ነው። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ መድኅኑ ይሸፍነዋል፤ አዋቂ ግን በየዓመቱ የመጀመሪያውን 385 ዩሮ ከኪሱ ያወጣል። የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ለመታየት ይህ ክፍያ የለም። መጉላላቱ ያለው ከዚያ ወደ ልዩ ሐኪም በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ያለ ቤተሰብ ሐኪም ወረቀት ማንም ወደዚያ አይዘልቅም፤ ወረቀቱ የሚጻፈውም ሐኪሙ በሰማው ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ያንን ታሪክ በምን ቋንቋ ይሰማዋል? የኔዘርላንድ መንግሥት ለሕክምና አስተርጓሚ ሲከፍል የነበረውን ገንዘብ በ2012 መጀመሪያ አቋርጧል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉመው ደችኛ የለመደ ልጅ ወይም ጎረቤት ነው። ለጆሮ ሕመም ይበቃ ይሆናል። ለዚህ ሕመም ግን ዋናው መረጃ የቀን ቅደም ተከተል ነው፤ መቼ ጀመረ፣ ስንት ቀን ቆየ፣ መቼ ተመለሰ። አንዲት እናት «በኅዳር ሚካኤል ጀመረው፣ በታኅሣሥ ማርያም ተመለሰበት» አለች እንበል። ወሩን በ30 ቀን ለሚቆጥር ሰው ይህ የ39 ቀን ልዩነት ነው፤ ከሕመሙ ዑደት ጋር የሚገጥም፣ ከብዙ የደም ምርመራ የበለጠ የሚናገር። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ሲያስተረጉመው ግን ሐኪሙ ጆሮ የሚደርሰው «ብዙ ጊዜ ያተኩሰዋል» የሚለው ብቻ ነው። መልሱም ፓራሲታሞል ይሆናል።