እንግሊዝኛና የቆላ ድባ ተማሪ

ከጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ ከጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በላይ የሚገኘው የደምቢያ አገር፥ ጤፍና ሽምብራ በሚያበቅለው ጥቁር መሬቱ የታወቀ ነው። የወረዳው ዋና ከተማ ቆላ ድባ ትባላለች። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ የሚወለድ ሕፃን አፉን የሚፈታው በአማርኛ ነው፤ ፊደል የሚቈጥረውም በአማርኛ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ግን ከአማርኛው ትምህርት በቀር ሒሳቡም፥ ፊዚክሱም፥ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይጠብቀዋል። በደምቢያ ገበያ ከቶ የማይሰማው ቋንቋ፥ በትምህርት ቤቱ ደጅ ሲገቡ ተማሪው ከእናቱ ጡት ጋራ እንደ ጠባው ተደርጎ ይታሰባል። ይህ አሠራር ከየት እንደ መጣና በምን ምክንያት እንደ ጸና፥ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ልንመረምር እንወዳለን።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፥ የአፍ መፍቻ ባልሆነ ቋንቋ መማር ለደምቢያ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ነው። የቤተ ክህነቱ ተማሪ ከጥንት ጀምሮ የሚደግመው ዳዊት በግእዝ ነው፤ ግእዝም ከብዙ መቶ ዓመታት ወዲህ የማንም የቤት ቋንቋ አይደለም። ነገር ግን አባቶች በዚህ ነገር አልተታለሉም። ዳዊት የደገመ ልጅ ሁሉ ግእዝ ያውቃል አላሉም። ቋንቋውን ለማወቅ የሚሻ ቅኔ ቤት ገብቶ ግሱንና አገባቡን በአማርኛ እየተነተነ ዓመታት ያሳልፋል። ከዚያ ወዲያ ወደ መጻሕፍት ቤት ሲሻገር፥ ንባቡ በግእዝ ይነበባል፤ መምህሩ ደግሞ ምስጢሩን «አንድም» እያለ በአማርኛ ያፈታታዋል። የጎንደር ሊቃውንት ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው በትርጓሜ ስልት እስኪለያዩ ድረስ የደከሙበት የአንድምታ ትርጓሜ በአማርኛ የተነገረ ነው። እንግዲህ ባዕዱ ቋንቋ ይጠናል፤ ዕውቀቱ ግን የሚጨበጠው ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲጀመር ደግሞ የበላይነቱ የእንግሊዝኛ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብጽ የመጡ መምህራን ብዙ የውጭ ቋንቋዎችን ሲያስተምሩ፥ ሚዛኑን ይደፋ የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የዲፕሎማቱም የነጋዴውም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተመረቀው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ኃላፊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በሕንድ አገር በእንግሊዞች እጅ ያደጉ ቢሆኑም፥ በከተማው የፈረንሳይኛ ኃይል አልቀነሰም።

ነገሩ የተለወጠው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ሲሆን አብረው የመጡት እንግሊዞች ነበሩ። በጥር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ስምምነት ተፈረመ፤ አማካሪውም፥ መጽሐፉም፥ መምህሩም ከዚያው ወገን መጣ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ቀጥሎም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በ1943 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚመሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው ወገን የመጡ ሲሆኑ፥ የሚያስተምሩት ግን በእንግሊዝኛ ነበር። በጎንደርም በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የትምህርት ቋንቋ ይኸው እንግሊዝኛ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲባል እንሻለን። በዚያ ዘመን በሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምሩት አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ከሕንድ የመጡ ብዙ ነበሩ፤ በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ተጨመሩ። እነዚህ መምህራን አማርኛ አያውቁም፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ ለተማሪው የግድ ነበር። ቢያመው ለመናገር፥ ቢጠፋበት ለመጠየቅ እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል። ተማሪዎቹም ጥቂቶች ነበሩ። የዚያ ዘመን ሽማግሌዎች «የእኛ ስምንተኛ ክፍል ከዛሬው ዲግሪ ይበልጣል» ሲሉ የምንሰማው፥ ትዝታ ያጣፈጠው ቢሆንም፥ ከዚህ የተነሣ እውነት አለበት። ኋላ ግን መምህሩ ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ ተማሪውም ከጥቂት መቶዎች ወደ ሚሊዮን አደገ። ምክንያቱ ሄደ፤ ልማዱ ቀረ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛ የመንግሥቱ መደበኛ ቋንቋ መሆኑን ደነገገ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽም አማርኛ የመላው አንደኛ ደረጃ የትምህርት ቋንቋ ሆነ። ይህ አማርኛ የቤቱ ቋንቋ ላልሆነው ልጅ ሌላ ሸክም እንደ ነበረ ሳንዘነጋ፥ ለደምቢያ ልጅ ግን መንገዱን ጠረገለት ማለት ይቻላል። የተጠረገው መንገድ ከሁለተኛ ደረጃ በር ላይ ይቆማል። በ1965 ዓ.ም. የታተመው የአምሳሉ አክሊሉና የሞዝባክ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት በየተማሪው እጅ የገባው፥ ያንን በር በትርጕም ለመክፈት ነበር። በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስ ቃላትን በአማርኛ ለመሰየም ደከመ፤ ቃላቱ ግን ወደ ሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት አልገቡም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፥ ሁለተኛ ደረጃ ግን በእንግሊዝኛ እንዲቀጥል ወሰነ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ትምህርት በየክፍሉ ገባ። ትምህርቱ የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ ነበር። በመስኮቱ የሚታየው አስተማሪ በፍጥነት ይናገራል፤ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ተማሪው ጥያቄውን ሳይረዳ መልሱን ራሱ ሰጥቶ ያልፋል። የክፍሉ መምህር ቆሞ ተመልካች ሆነ። የሚያስገርመው፥ በዚያው በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛ በሁለት ደረጃ ተለይቶ ይሰጣል፤ አንደኛው ለቤት ቋንቋ፥ ሁለተኛው ለተጨማሪ ቋንቋ ነው። ሁለቱ የየራሳቸው ፈተና አላቸው። በእኛ ዘንድ በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ተማሪው ቋንቋውን ገና እንደሚለማመድ ይታመናል፤ ደወል ተደውሎ የባዮሎጂው መምህር ሲገባ ያው ተማሪ በእንግሊዝኛ እንደ ተወለደ ይቈጠራል።

የባዮሎጂውን ክፍል ካነሣን፥ ስለ ሽምብራ እንናገር። የደምቢያ ገበሬ መሬቱ ሲደክም ጥራጥሬ ቢዘራበት ለሚቀጥለው እህል እንደሚሻል ያውቃል። ምክንያቱንም መጽሐፉ ይገልጸዋል፤ በሽምብራ ሥር ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ በሚስማማ መልክ ያዘጋጁለታል። ነገሩ በልጁ ማሳ የሚሠራ ነው። ነገር ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ትርጓሜ በቃሉ ሸምድዶ ለፈተና ይጽፈዋል እንጂ፥ አባቱ ከሚዘራው ሽምብራ ጋራ አንድ መሆኑን የሚነግረው ካላገኘ አያገናኘውም። ደግነቱ መምህራን ዝም አይሉም። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ጽፈው ሲያበቁ «ይህ ማለት...» ብለው በአማርኛ ያፍታቱታል። እኛ ይህን የምናየው እንደ ጥፋት አይደለም፤ የመጻሕፍት ቤቱ ሥርዓት ሳይጠራ መመለሱ ነው። የሚያሳዝነው ተቈጣጣሪ ሲገባ መምህሩ እንደ ሰረቀ ሰው ቋንቋውን መለወጡ ነው።

እንግሊዝኛ ይቅር የሚል ሰው ቢኖር አንስማማም። የዓለም ሳይንስ በብዛት የሚጻፍበት ቋንቋ ነው፤ ከቆላ ድባ ተነሥቶ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለሚሆን ልጅ ያለ እርሱ መንገድ የለም። ብዙ ቋንቋ ባላት አገር ለማንም ያላደላ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛን አጥብቆ ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ ዕውቀትን ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ማስተማር ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ያስጠናውና በ1999 ዓ.ም. ገደማ የቀረበው ጥናት፥ ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል።

በጥር 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጥ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ጦርነቱንና የመጻሕፍቱን እጥረት ትተን ሁሉን በቋንቋ ማሳበብ አይገባም። ነገር ግን የእንግሊዝኛው ፈተና አንድ ወረቀት ሆኖ ሳለ፥ ሌሎቹም ወረቀቶች ሳይታወቅ የእንግሊዝኛ ፈተና መሆናቸው አይካድም። ከቆላ ድባ በስተ ደቡብ፥ በጣና ዳር፥ በጎርጎራ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ ቆሟል። የአካባቢው ሽማግሌ ስለ እርሱ የሚያወጋው በአማርኛ ነው፤ የልጅ ልጁ ግን የዚያኑ ንጉሥ ታሪክ የሚያነበውም፥ የሚፈተነውም በእንግሊዝኛ ነው።