«ማኅበረ ደቂቅ»፦ ስለ አንድ አዲስ ስም

በባሕር ዳር ጋሪ የሚስቡትን ፈረሶችና ከጣና ዳር መንደሮች እህል ጭነው ወደ ገበያ የሚወጡትን አህዮች የሚያክሙ ባለሙያዎች ስለ ባዝራ መምከን ሲናገሩ በመራቢያ አካሏ ውስጥ አብረው የሚኖሩትን ጥቃቅን ሕያዋን «የመራቢያ ትራክት ማይክሮባዮም» ማለትን ካዘወተሩ ወዲህ፣ እንተረጕመው ያሉት ደግሞ «የብልት ጀርም ክምችት» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ የመጀመሪያው ባዕድ ቢሆን፣ ሁለተኛው ሐሰት ነው።

ሐሰት ያልሁት «ጀርም» በሕዝቡ አፍ የበሽታ ስም ስለ ሆነና «ክምችት»ም ለሕያዋን የሚነገር ስላልሆነ ነው። የጤነኛ ባዝራ ማሕፀን ከተሐዋስያን ፈጽሞ የነጻ ነው የሚለው አሳብ በዘረመል ምርመራ ከተናወጠ ወዲህ፣ ሳይጎዱ የሚኖሩ ባክቴሪያና ፈንገስ መኖራቸው፣ እንደ ስትሬፕቶኮከስ ዙኤፒደሚከስ ያለውም ምቹ ጊዜ ሲያገኝ ማሕፀንን ለብግነት መዳረጉ፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲደጋገምም ካንዲዳ ለተባለው ፈንገስ በር መክፈቱ ታውቋል። በ2001 እ.ኤ.አ. ስም የወጣለትን ባክቴሪያ፣ ታይሎሬላ አሲኒጀኒታሊስን እንኳ ድንጉላው አህያ አንዳች ሕመም ሳይታይበት ተሸክሞት ይኖራል።

«ረቂቃን ነፍሳት» የሚሉም አሉ። ለጆሮ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ረቂቅ በመጻሕፍታችን ለመላእክትና ለነፍስ፣ ይኸውም ለማይዳሰሰው የተሰጠ ቃል ሲሆን፣ ባክቴሪያ የቱንም ያህል ቢያንስ ይመገባል፣ ይከፈላል፣ ይሞታል፤ አካል ያለው ግዙፍ ነው። «ደቂቅ» ግን ከ«ደቀቀ» ወጥቶ ከዱቄትና ከሰዓት ደቂቃ ጋር የሚዛመድ፣ አካልነቱን ሳይለቅ ያነሰውን የሚያመለክት ቃል ነው፤ «ደቂቅ አካላት» መባሉም ቀድሞ የተለመደ ስለ ሆነ፣ አብረው የሚኖሩትን «ማኅበረ ደቂቅ» ብንላቸው ከታወቀው አንርቅም። ማኅበር ከ«ኀበረ» ነውና አንድ ላይ መሆንን እንጂ መዋደድን አያስገድድም፤ ጽዋ ጠጥቶ የሚጣላ ማኅበርተኛ በየደብሩ አለ።

በጎጃም ቅኔ ቤት ያደገ ሰው፣ ደቂቅ ልጆች ማለት ነው ብሎ፣ «የእስጢፋኖስ ልጆች» የተባሉትን መነኮሳት፣ ደቂቀ እስጢፋኖስንም ጠቅሶ፣ «የሕፃናት መዋያ አስመሰልኸው» ሊለኝ ይችላል። ተቃውሞው ደስ ያሰኘኛል፤ ማሕፀን ራሱ አሳደገ፣ ሞገዘተ ከሚለው «ሐፀነ» ተወልዶ ከሕፃን ጋር አንድ ሥር ስላለው፣ እንግዳው ስም ከሚያድርበት ቤት ጋር አልተጣላም። «የመራቢያ ትራክት»ም ቢሆን «የተዋልዶ አካላት» ተብሎ ቢጻፍ የሚጎድለው የለም።

ፈንገስን ግን «ሻጋታ» ማለትን አልደግፍም፤ ካንዲዳ እርሾ ነውና። የጋሪ ፈረሶችን የሊምፍ ሥር ተከትሎ ገላቸውን የሚያቈስለው ሂስቶፕላዝማም በአፈር ውስጥ ሻጋታ፣ በፈረሱ ገላ ውስጥ እርሾ መሰል ሆኖ ስለሚያድግ፣ ሁለቱን ጠቅልሎ የሚይዝ የአገር ቃል እስኪገኝ ድረስ፣ ከጽርእ መጥተው ቤተኛ ከሆኑት ከወንጌልና ከኤጲስቆጶስ በኋላ ፈንገስም በእንግድነት ይግባ።