መጫወቻ ይዘው የመጡ እንግዶች

የምነግራችሁ ተረት አይደለም፤ ጅማ ከተማ ውስጥ የሆነ ነገር ነው።

በከተማዋ እጅግ የከፋ ድህነት ወደ ገባባቸው ቤቶች ባለሙያዎች ይመላለሱ ጀመር። የእነዚህ እንግዶች ሥራ ልጅ ማጫወት፣ እናትንም ልጇን እንድታጫውት ማለማመድ ነበር። የሚቀመስ በቸገረበት ቤት ጨዋታ ምን ይሠራል ብላ ግራ የምትጋባ እናት ብትኖር አይፈረድባትም። ሰዎቹ ግን የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጅግ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በጅማ የኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደር ድጋፍ፣ ከ3 እስከ 59 ወር ዕድሜ ያላቸውን 240 ልጆች መረጡ። በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። መሠረታዊው ድጋፍ ለሁለቱም ወገን ይደርሳል። ለ120ዎቹ ግን ቤታቸው ድረስ የሚሄድ ጨዋታ ተጨመረላቸው። ስድስት ወር አለፈ። ልጆቹ ሲመዘኑ፣ ጨዋታ የተጨመረላቸው በቋንቋም፣ ከሰው ጋር በመግባባትም በልጠው ተገኙ። ይህ እ.አ.አ. በ2018 ታትሞ ወጥቷል።

መመዘኛውም የራሱ ታሪክ አለው። ዴንቨር ሁለት ይሉታል፤ ከአሜሪካዋ ዴንቨር የመጣ፣ 125 መለኪያዎች ያሉት የልጅ ዕድገት መመዘኛ ነው። የጅማን ልጅ በዴንቨር ልጅ ዕቃና ልማድ ብትመዝኑት፣ አይቶት የማያውቀውን ስላላወቀ ብቻ «ዕድገቱ ዘገየ» ልትሉት ነው። ስለዚህ የጅማዎቹ ባለሙያዎች ከ1,500 በላይ ጤነኛ ልጆችን አይተው፣ ለአገሩ የማይሆነውን ለውጠው መመዘኛውን እንደገና አበጁት። ስሙም «ዴንቨር ሁለት ጅማ» ሆነ። ለዚህ ሥራ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ልጅን በአገሩ ልክ መመዘን ለልጁ ፍትሕ እንደ መስጠት ነው።

ላወራችሁ የተነሣሁት ስለ ኦቲዝም ነው። እነዚያ 240 ልጆች ግን የተመረጡት በኦቲዝም ምክንያት አይደለም፤ የተፈተኑት በድህነት ነው። ታዲያ ትረካዬን ለምን ከነሱ ጀመርኩ? ጅማ ያየችው መንገድ፣ ማለትም ወደ ልጁ ቤት መሄድ፣ ከልጁ ጎን መቀመጥ፣ እናትን ማሠልጠን፣ ለኦቲዝምም የተመረጠ መንገድ ስለሆነ ነው።

አሁን በቾ ቦሬ እንግባ። የጅማ ሰው ያውቀዋል፤ ከከተማዋ ቀበሌዎች አንዱ ነው። አገሩ የቡና አገር ነውና ጎረቤት ሳይጠራራ አይውልም። ከሰል ይያያዛል፣ ሲኒ ይደረደራል፣ ሰው ይሰበሰባል። በአንደኛው ቤት ግን እንግዳ ሲገባ የጓዳው በር ገርበብ ይላል። እዚያ ውስጥ አራት ዓመት የሞላው ልጅ አለ። የእናቱን ስም አልነግራችሁም፤ አንዲት ሴት አይደለችምና። በብዙ ቤት አለች።

ልጁ አፉን አልፈታም። ስሙን ሲጠሩት አይዞርም፤ የሲኒ ኳኳታ ግን ከጓዳ ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ድምፅ ይሰማል። ውኃ ሲጠማው በጣቱ አያሳይም፤ የእናቱን እጅ ይዞ እስከ ጄሪካኑ ይጎትታታል። ከመጫወቻ ሁሉ የጄሪካን ክዳን ይመርጣል፤ መሬት ላይ ያሽከረክረዋል፣ ሲወድቅ ያነሣዋል፣ ደግሞ ያሽከረክረዋል። ባጃጅ በደጅ ጥሩምባ ከነፋ ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍናል።

ጎረቤት የየራሱን ይላል። አንዷ «ዓይን በልቶት ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ጂኒ ነው»። አንዷ ጠበል ታዝዛለች፣ አንዷ ሼኩ ዘንድ ውሰጂው ትላለች። ጸሎቱንም ዱዓውንም አልነቅፍም፤ ያጽናናል፤ እናትም መጽናናት አለባት። የሚያንገበግበኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው «ምን አድርገሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የሚመላለሱ 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው፣ ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል፤ ሩብ ያህሉ ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ ይጥሩ ነበር። እነዚህ እንግዲህ ክሊኒክ የደረሱት ናቸው።

እናትን መክሰስ የእኛ አገር ብቻ ነውር እንዳይመስላችሁ። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.አ.አ. በ1943 የ11 ልጆችን ሁኔታ ጽፎ ኦቲዝምን ለዓለም ሕክምና አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በፈረንጅ አገር የተማሩ ሰዎች ራሳቸው «ልጁን እንዲህ ያደረገችው ፍቅር የነፈገችው እናቱ ናት» ሲሉ ኖሩ። በርናርድ ሪምላንድ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ እሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት፣ እ.አ.አ. በ1964 መጽሐፍ ጽፎ ነገሩ የአእምሮ አፈጣጠር እንጂ የእናት ጥፋት አለመሆኑን ተሟገተ። ከሦስት ዓመት በኋላ እንኳ ብሩኖ ቤተልሃይም የሚባል ሌላ ጸሐፊ ክሱን በመጽሐፍ ደገመው። ዛሬ ክሱ ውድቅ ሆኗል። በቾ ቦሬ ያለችው እናት ይህን የነገራት የለም።

በእኛ አገር ክሱን ፊት ለፊት የተጋፈጠችው ዘሚ የኑስ ናት። አሜሪካ ኖራ የተመለሰች የውበት ሥራ ባለሙያ ነበረች፤ አዲስ አበባ ላይ ኒያና የተባለ የውበት ማሠልጠኛ ከፍታ ነበር። ኦቲዝም ያለበትን ልጇን ትምህርት ቤቶች አልችል ሲሏት አልደበቀችውም። እ.አ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርታ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ከፈተች። ድምፅን በፊደላችን ሥርዓት ተከትሎ የሚያስተምር፣ አቡጊዳ ፎነቲክስ ያለችውን ዘዴም ቀመረች። በ2013 ዓ.ም. ኮቪድ ነጠቀን። ዛሬ ኦቲዝም የሚለውን ቃል በአማርኛ ሬዲዮ የምንሰማው በእሷ ድካም ጭምር ነው። ወላጆች የመሠረቱት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ቀጥሎ መጣ። ሁለቱም ግን አዲስ አበባ ናቸው፤ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። የሁለት ልጆች እናት፣ ጉሊት ቸርቻሪ፣ በየትኛው ትራንስፖርት ትመላለሳለች?

መልሱ ወደ ቤቷ መሄድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆናቸው ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ዘጠኝ ጊዜ በቡድን፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ በቤት ጉብኝት ነው። ነጭ ጋውንና ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የሚያስተምረውን ወደ በቾ ቦሬው ቤት ላስገባውና እዩት።

ሥልጠናውን የምትሰጠው ሲስተር ገባች። ቴሌቪዥኑ ጠፋ። እናቲቱ ባለ ሦስት እግር በርጩማዋ ላይ ልትቀመጥ ስትል፣

«እሱን ተይው፤ መሬት ላይ ነይ» አለቻት። «ዓይንሽ ከዓይኑ እኩል ይሁን። ፊት ለፊቱ።»

ልጁ ክዳኑን እያሽከረከረ ነው።

«ልቀማው ሲስተር?»

«ለምን ይቀማል? ሌላ ክዳን የለሽም? አንቺም አሽከርክሪ።»

እናቲቱ አፈረች፤ ግን አሽከረከረች። ልጁ ቀና አላለም። ደገመች። ሦስተኛው ላይ ዓይኑ ከራሱ ክዳን ተነሥቶ ወደ እናቱ ክዳን ሄደ። ሲስተር በእጇ ምልክት ሰጠች፤ እናቲቱ ክዳኑን ያዘችው። ጠበቀች። መጠበቁ ከሁሉ ይከብዳል፤ የእናት እጅ ይቸኩላላ! ልጁ ክዳኑን አየ፣ እጇን አየ፣ ከዚያ እጇን ወደ ክዳኑ ገፋው።

«አሁን ንገሪው። አንዲት ቃል ብቻ።»

«ዙር!» አለችና ለቀቀችው።

በዚህች ቅጽበት ልጁ የሆነ ነገር ጠይቆ የጠየቀውን አግኝቷል። የንግግር ሕክምና የሚባለው ነገር ሥሩ እዚህ ነው፦ መጀመሪያ ሁለት ሰው አንድ ነገር አብሮ ያያል፣ ከዚያ ተራ ይጠብቃል፣ ቃል ቢመጣ ከዚያ ነው የሚመጣው። ቀድማ «እማ በል፣ ውኃ በል» እያለች ስትለምነው የነበረች እናት፣ ነገሩን ከመጨረሻው ነበር የጀመረችው።

ቀጥሎ ሲኒ ነው። ሲኒ መደርደር ለእኛ አንድ ሥራ ነው፤ ለእሱ ግን ብዙ ነው፦ ከሳህኑ ማንሣት፣ ውኃውን ማራገፍ፣ ይዞ መዞር፣ ረከቦቱ ላይ ማስቀመጥ። ሁሉንም ባንድ ቀን አታስተምሪው ተባለች። እናቲቱ ሁሉንም ትሠራለች፤ ለልጁ የመጨረሻዋን ትተውለታለች፤ ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ ያስቀምጣል። ሥራውን የጨረሰው እሱ ነው፤ ምስጋናውም የእሱ። እጁን በእጇ ይዛ ትጀምራለች፣ በኋላ ክርኑን ብቻ ትነካዋለች፣ ውላ አድራ በጣቷ ታሳየዋለች። ከዚያ ከመጨረሻው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትሄድና ይዞ መዞሩን ትጨምርለታለች።

ልጁ ቡና ሲወቀጥ ይጮህ የነበረውም መልስ አገኘ። ጩኸቱ ጥጋብ አልነበረም፤ የሙቀጫው ድምፅ ጭንቅላቱን ይመታው ነበር። አሁን ከመወቀጡ በፊት ዘነዘናውን ታሳየዋለች፤ ደጅ መውጣት ከፈለገ ይወጣል። ጩኸት መናገር ለማይችል ልጅ ንግግሩ መሆኑን የተረዳች እናት ልጇን በዱላ ዝም አታሰኝም።

በጨዋታ ኦቲዝም ይጠፋል የሚላችሁ ሰው ካለ ግን አትመኑት። አንዱ ልጅ አፉን ይፈታል፤ ሌላው በሥዕል ወይም በምልክት ይግባባል። ሁለቱም ተግባቡ ማለት ነው። የሠለጠነ ባለሙያም ያስፈልጋል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዕለት ተዕለት ሥራን የሚያለማምዱ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶችን ማሠልጠን መጀመሩ ለዚህ ነው የሚያስደስተኝ። እናትን ብቻዋን ሐኪም አድርጎ መተው ሌላ በደል ነው። የቤት ለቤቱን ሥራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሊይዙት ይችላሉ፤ ስለ ኦቲዝም የሚያስተምር ሥልጠና ለእነሱም ተዘጋጅቶ ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም አለበት። ይህ ቁጥር በጅማ ዞን ያሉትን አጋሮን፣ ሊሙ ገነትን፣ ማናን ዘሎ አይሄድም።

በዚያ ቤት አሁን ቡና ሲፈላ የጓዳው በር አይዘጋም። አንድ ቀን ልጁ ሲኒዎቹን አስቀምጦ ሲጨርስ፣ «ጂኒ ነው» ትል የነበረችው ጎረቤት ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ሲስተር ዞረች።

«ሲስተር፣ የእህቴ ልጅም እንዲህ ነው። አጋሮ ነው ያለው።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሦስት ሊሞላው ነው። ሰው ቤት አያስገቡትም።»

«ደውይላት እስቲ» አለች ሲስተር፤ «ምን መጫወት እንደሚወድ ጠይቂልኝ።»