ዘጠነኛ ክፍል ስንት ገባ?

እህቴ ከሶዶ ደወለች። ልጇ ስምንተኛን ጨርሷል። «አንተ የኮምፒውተር ሰው አይደለህ? እስቲ ውጤታቸውን አይተህ የቱ ትምህርት ቤት እንደሚሻል ንገረኝ» አለችኝ። የሰፈራችንን ትምህርት ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይ ደነገጥኩ። ያለፈው በጣት ይቆጠራል።

ነገሩ የሰፈራችን ጉድ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ፈተና፣ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በተፈተኑበት፣ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ቁጥሩን አላጣጥልም፤ ከዚያ በፊት ስንት ኩረጃ በውጤት ስም ሲያልፍ እንደኖረ እጠረጥራለሁ።

እዚያው ሶዶ ደግሞ ሊቃ አለ፣ የወላይታ ልማት ማኅበር ትምህርት ቤት። ኩራታችን ነው። ግን ሊቃ ተማሪ የሚቀበለው ፈትኖ፣ መርጦ ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት በሩን ያንኳኳውን ሁሉ ይቀበላል። ሁለቱን በአንድ ዝርዝር ደርድሮ «ይኼ ይበልጣል» የሚል ጀማሪ በእኛ ሥራ ቢገኝ ይሳቅበታል።

ሶዶ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተናም በላይ የሆነበት ጊዜ ነበር። ወላይታ ያኔ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ነው። ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የተባለ ቋንቋ ተሠራ፣ የመማሪያ መጽሐፍም ታተመበት። እንደ ኢንጂነር ካየሁት ሐሳቡ ይማርካል፦ አራት የሚቀራረቡ ቋንቋዎች፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ የኅትመት ወጪ። ችግሩ ቤቱ ማንም የማይናገረውን ቋንቋ ልጁ «አፍ መፍቻህ ነው» ተብሎ መቀበሉ ነው። መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች እምቢ አሉ። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ሶዶ በተቃውሞ ተናጠች፤ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ታሰሩ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ ብዙም ሳይቆይ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

የዚያን ዓመት ትምህርት ቤቶች በውጤት ብቻ የሚመዝን ሰው የሚያገኘው የባከነ የትምህርት ቀን ነው። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ። አንደኛ ክፍል ስገባ እጄ ላይ የነበረው የወላይትኛ መጽሐፍ ግን የዚያ እምቢታ ፍሬ ነው፤ በየትኛውም የውጤት ሠንጠረዥ ላይ አይገኝም።

አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ የዳውሮ ነበር፤ ከኋላችን የጉራጌ ነጋዴ ልጅ። ከዳውሮው ጋር እርሳስ ስንዋዋስ እሱ በራሱ ቋንቋ፣ እኔ በራሴ እናወራለን። ሳንቀላቅለው እንግባባ ነበር። የጉራጌው ልጅ ደግሞ በወላይትኛ መሳደብ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር (እናቱ እስክትሰማው ድረስ)።

ይህን ስል ትምህርት ቤቴን እያሞገስኩ አይደለም። ቤተ ሙከራው እስክመረቅ ተቆልፎ ነበር፤ ማይክሮስኮፕን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው የነካሁት። ለዚህ እስካሁን እናደዳለሁ።

ለእህቴ መልሼ ደወልኩ። «ስንት አለፈ ብቻ አትበይ። ከአራት ዓመት በፊት ዘጠነኛ ክፍል ስንት ገባ፣ ከእነሱ ስንቱ አሥራ ሁለተኛ ደረሰ፣ ሴቶቹስ ስንት ናቸው፣ ያቋረጡት የት ሄዱ ብለሽ ጠይቂ» አልኳት።

ሄዳ ጠየቀች። ርዕሰ መምህሩ ከወላጅ እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም መሰለኝ፣ መዝገቡን ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ከዚያ ወንበር ስቦላት፣ አብረው መቁጠር ጀመሩ።