የአንጣሎ ዛጎልና የመቅደላ ድንጋይ

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲያቀና፣ ከወታደሩና መድፍ ከተጫነባቸው ዝሆኖች ጋር አንድ የሥነ ምድር ሊቅ አብሮ ይጓዝ ነበር። ይኸውም በሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበረው ዊልያም ብላንፎርድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን በመቅደላ አምባ ላይ ራሳቸውን ሰው፤ ጦሩም ተመለሰ። ብላንፎርድ ግን በመንገዱ ያየውን የድንጋይ ቅደም ተከተል መዝግቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 በመጽሐፍ አሳተመ። ከታች ወደ ላይ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የአንጣሎ ኖራ ድንጋይ፣ የአሸንጌ ምድብና የመቅደላ ምድብ ብሎ ሰየማቸው። ሰያሚው ከወራሪ ጦር ጋር የመጣ ቢሆንም ስሞቹ የአገሩ ስሞች ናቸው፤ ሕንጣሎ በባዕድ አፍ አንጣሎ ተብሎ መቅረቱ ብቻ ያስቆጫል።

አራቱ ስሞች ግን እኩል ጽኑ አይደሉም። የአንጣሎው ምስክር አለው። በውስጡ የባሕር ዛጎል፣ የኮራልና የባሕር ጃርት ቅሪተ አካል ስለሚገኝ፣ ዘመኑ ጁራሲክ መሆኑን ከቅሪቱ መረዳት ተችሏል።

ከእነዚህ ቅሪቶች መካከል ሶማሊሪንኪያ የሚባለው ወገን የተለየ ግምት ሊሰጠው ይገባል። ይህን ወገን እ.ኤ.አ. በ1935 ሔለን ሙር ዉድ የተባሉት የእንግሊዝ ሊቅ ከሶማሊያ ምድር በተገኙ ቅሪቶች መሠረት ለይተው ሰየሙት። እንስሳው ከብራኪዮፖድ ነገድ ነው። ሁለት ክዳን ስላለው ከተራ ዛጎል ጋር ይምታታል፤ ነገር ግን የብራኪዮፖድ የላይኛው ክዳን ከታችኛው አይመሳሰልም፣ የእያንዳንዱ ክዳን ግራና ቀኝ ግን እኩል ነው። ምግቡን ከውኃ የሚያጠልበት ጸጉራም ክንዱ በማኅበር ከሚኖሩት ብሪዮዞዋ ከሚባሉት የባሕር እንስሳት ጋር ያቀራርበዋል።

የአመዳደቡ ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል። ሸንተረራማው ውጫዊ ገጽ በብዙ ወገኖች ዘንድ ስለሚመሳሰል፣ መልኩ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ድንጋይ የሆነውን ዛጎል ቀስ በቀስ እየፈጉ፣ በየደረጃው የሚታየውን የውስጥ አካል ይሥላሉ። ሥራው ሲያልቅ ሥዕሉ ይቀራል፤ ቅሪቱ ግን የለም። ስምን ለማረጋገጥ የሚከፈል ከባድ ዋጋ ነው!

ሶማሊሪንኪያ በሶማሊያ ብቻ ሳይወሰን በሐረር አካባቢ፣ በመቀሌ ዙሪያና ባሕር ተሻግሮ በዐረቢያ ተገኝቷል። ሊቃውንት ይህን የመሰሉ የጁራሲክ እንስሳት የኖሩበትን ሰፊ የባሕር ግዛት «የኢትዮጵያ ክፍለ ግዛት» ይሉታል። ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ ገብቶ ትግራይ ድረስ ዘለቀ፤ በመቀሌ ዙሪያ 700 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ኖራ ድንጋይ ትቶ ሄደ። በዓባይ ሸለቆም በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ይኸው ድንጋይ ገደል ሆኖ ይታያል። ከሥሩ ያለውን ጂፕስ ያለበት ንብርብር «የጎሐ ጽዮን» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1981 የሰየመው ደግሞ ኢትዮጵያዊው ጌታነህ አሰፋ ነው።

ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲመጣ ግን የባሕር ምስክር አይገኝም። ከጦሳ ግርጌ እስከ ቦርከና ሸለቆ የሚታየው እሳተ ገሞራ የተፋው ባዛልትና ጎርፍ ያመጣው ደለል ነው። ዘመኑን የሚናገር የባሕር ቅሪት የሌለው ይህ ባዛልት «አሸንጌ» ወይም «መቅደላ» እየተባለ ከብላንፎርድ መንገድ ርቆ ባለ አገር ሁሉ ተሰየመ፤ በሁለቱም መካከል ረጅም ዘመን እንዳለ ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአርጎን ልኬት ጥናት ግን የሰሜን ምዕራቡ ደጋ ባዛልት አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ መፍሰሱን አሳየ። በዛጎል የተመሠከረለት የአንጣሎ ስም በጁራሲክ ጸንቶ ሲቆይ፣ ያለ ዛጎል የተሰየሙት እንደገና መመርመር አስፈለጋቸው።

ጉዳዩ ለመሐንዲስም ሩቅ አይደለም። የሙገርና የመሰቦ ሲሚንቶ የሚሠራው ከዚሁ የጁራሲክ ኖራ ድንጋይ ነው። የመሬት መንሸራተት በሚያሰጋት በደሴ ደግሞ የተዳፋቱን ዕድል የሚወስነው የምድቡ ስም ሳይሆን፣ በባዛልቱ ንብርብሮች መካከል ያለው የበሰበሰ አመድና ሸክላ አፈር ነው። ስለሆነም የመሠረት ቁፋሮ መዝገብ «አሸንጌ» ብሎ ከሚያልፍ ይልቅ፣ የእያንዳንዱን ንብርብር ውፍረት፣ የመበስበሱን መጠንና ውኃ የታየበትን ጥልቀት ቢያሰፍር ይሻላል።