ከጎረቤት የመጣ ቃልና ከገዥ የመጣ ቃል፦ ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ የጥንት ታሪክ ጥቂት ነጥቦች

አንድ ቋንቋ ከውጭ ያገኘው ተጽዕኖ ሲጠና ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው የተውሶ ቃላትን መቁጠር ነው። ይሁን እንጂ የቃላቱ ብዛት ብቻውን የተጽዕኖውን ጥልቀት አያሳይም። ቃላቱ በየትኛው የቋንቋ ክፍል፣ በማንስ አፍ እንደገቡ መጠየቅ ይገባል። የእንግሊዝኛ የጥንት ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዝኛን ወደ ብሪታንያ ያመጡት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሕር የተሻገሩት የአንግል፣ የሳክሰንና የጁት ነገዶች መሆናቸውን መነኩሴው ቢድ በ731 በፈጸመው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጽፏል። የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች የኬልት ቋንቋ ለአዲሱ ቋንቋ ያወረሰው ጥቂት ነው፤ ይበልጥ የሚታየው በወንዝና በቦታ ስሞች ላይ ነው። ላቲን በበኩሉ አስቀድሞ በንግድ፣ በኋላም በ597 ከሮም የተላከው አውግስጢኖስ ኬንት ከደረሰ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን በኩል ገባ። ከሃይማኖት ቃላት ጋር ፊደሉንም ሰጠ፤ ላቲን ለሌሉት ድምፆች ግን ከጥንቱ የሩን ፊደል ምልክቶች ተወስደዋል።

ከዚህ በኋላ የመጡት ስካንዲናቪያውያን ናቸው። በ793 የሊንዲስፋርንን ገዳም የዘረፉት እነዚህ ሕዝቦች ውለው አድረው በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ ሰፈሩ፤ አረሱ፣ ተጋቡ። ቋንቋቸውም የእንግሊዝኛ የቅርብ ዘመድ ነበር። በመሆኑም የሰጧቸው ቃላት የዕለት ኑሮ ቃላት ናቸው፦ «ስካይ» (ሰማይ)፣ «ኤግ» (እንቁላል)፣ «ቴክ» (ወሰደ)። ከሁሉም የሚያስገርመው ግን ተውላጠ ስሙ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ለእርሱ»ም «ለእነርሱ»ም «ሂም» ይባሉ ነበር። ዛሬ «እነርሱ» ለማለት የሚያገለግሉት «ዘይ» እና «ዘም» የስካንዲናቪያ ተውሶ ናቸው። ተውላጠ ስም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚሻገረው ከስንት አንዴ ነው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሊንዲስፋርን ወንጌል መስመሮች መካከል በተጻፈው የሰሜን እንግሊዝኛ ትርጉምም የቃላት መድረሻ ቅጥያዎች ሲላሉ ይታያል፤ ምክንያቱ ግን ይህ ጉርብትና ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

በ1066 ኖርማኖች ድል ሲያደርጉ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የችሎት ቋንቋ ሆነ። ከእርሱ የተወረሱት ቃላት በሺህ ይቆጠራሉ፦ «ጀጅ» (ዳኛ)፣ «ኮርት» (ችሎት)፣ «ጀስቲስ» (ፍትሕ)። እንስሳው በበረት ሳለ በእንግሊዝኛ «ካው» (ላም) ሲባል፣ ሥጋው ማዕድ ላይ ሲቀርብ በፈረንሳይኛው «ቢፍ» ተባለ። ይህ ሁሉ ብዛት ግን ተውላጠ ስሞቹን አልነካም። በ1362 የፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሆን ተደነገገ፤ ድንጋጌው ራሱ ግን የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር። ገዥው ቋንቋ ከሕዝቡ አንደበት ይልቅ በጽሕፈት ላይ መሰንበቱን ይህ በሚገባ ያሳያል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ከላይ የመጣ ቋንቋ መዝገበ ቃላትን ሲያበለጽግ በጉርብትና የመጣው ደግሞ እስከ ሰዋስው ሊዘልቅ መቻሉን ነው። አማርኛ ከግዕዝም ከኩሽ ቋንቋዎችም ጋር ያለውን ግንኙነት የሚመረምር ተማሪም ቃላት ቆጥሮ ከመፍረዱ በፊት ተናጋሪዎቹ በምን ሁኔታ አብረው እንደኖሩ ቢጠይቅ ይበጀዋል።